እመት ሥነ ሥርዓትና የአንሶላ ቤቱ ቁልፍ

የአንድ ሰው ዕድሜ እንደ ታጠበ ልብስ ተጨምቆ ቢሰጣ ምን ይቀረዋል? ይህን ጥያቄ ጠመኔ ይዤ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ ለዓመታት ጠይቄአለሁ። ተማሪዎቼ መልሱን ጽፈው አለፉ፣ ተመረቁ፣ አገቡ፣ ወለዱ። እኔ ጥያቄው ላይ ቀረሁ። አንዳንዱ ሰው ቤት ይሠራል፣ አንዳንዱ ልጅ ያሳድጋል፣ አንዳንዱ ስም ይተክላል። አንዳንዱ ግን በእጁ ያለው አንድ አመል ብቻ ነው፤ ያውም ሰው የሚያስመርር አመል። እንዲህ ያለው ሰው ሚዛን ላይ ቢወጣ መርፌው ይነቃነቃል?

እንደ እኔ እንደ እኔ የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ ስብሰባ ሊያልቅ ሲል ኮቱን የሚያነሣና ስብሰባ ሊያልቅ ሲል እጁን የሚያነሣ። ሁለተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በወላጆች ስብሰባ ላይ አግኝታችሁታል፣ በሠራተኞች ማኅበር አግኝታችሁታል፣ ደረጃው ስለማይጸዳው ፎቅ ሊነጋገሩ በተቀመጡ ነዋሪዎች መሀል አግኝታችሁታል። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ…» ይላል። ወንበሮች ይንኳኳሉ። አንዱ ለሚስቱ ደውሎ «ወጥቻለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ዋሽቷል። ይሄኔ ከኋላ ረድፍ አንድ እጅ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጨረቃ፣ ብቅ ይላል።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ።»

አንድ ክንዱን ኮቱ ውስጥ ያስገባ ሰው፣ አንድ ክንዱን እንዳስገባ ይቀራል።

የእኛዋ ሴት ናት። ሙሉ ማዕረጓ ክብርት እመት ሥነ ሥርዓት፣ የአንሶላ ቤቱ ሰብሳቢ፣ የቁልፉ ባለአደራ፣ የኮት ሁሉ ጠላት ነው። ባጭሩ እመት ሥነ ሥርዓት እንላታለን፤ ፊት ለፊቷም እንላታለን፣ ምክንያቱም ስሙ ይጽናላት አይጽናላት ብላ ራሷ ድምፅ አሰጥታበታለች። በአብላጫ ጸድቋል።

አንሶላ ቤት የምንለው የልብስ ማጠቢያ ቤታችንን ነው። ከመንገዱ ታችኛው ጫፍ፣ በጋራዥና በማተሚያ ቤት መካከል ተሸጉጦ ይገኛል። የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ፎጣ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣ አጥፈን እንመልሳለን። ከፊት ለፊት የመቀበያው ጠረጴዛ አለ፣ ከጀርባው ሲሽከረከሩ ወለሉን የሚያንቀጠቅጡት ማሽኖች፣ ከዚያ ካውያዎቹ፣ በስተመጨረሻ ገመድ የተወጠረበት ጓሮ። በዚህ ቤት የሚሠራ ሁሉ የአእምሮ ሕመም የጎበኘው ሰው ነው። እኔም አንዱ ነኝ። ሕመሜን ልተርክ አልተቀመጥኩም፤ አንሶላ አጣፊ መሆኔ ይብቃችሁ። ቤቱን የከፈተው አንድ ድርጅት ነው፤ ታሞ የዳነውም፣ እየታመመ የሚኖረውም ሠርቶ ይብላ፣ ስለ ራሱ ጉዳይ ራሱ ይወስን በሚል ሐሳብ። በድርጅቱ ቋንቋ ይህ «ራስን የማስቻል ፕሮግራም» ይባላል። በእመት ሥነ ሥርዓት ቋንቋ ግን ሁለት ቃል ይበቃዋል።

«በማን ተወሰነ?»

እነዚህን ሁለት ቃላት ገና በመጣች ዕለት ነው የሰማንባት። ታላቅ ወንድሟ ክንዷን ይዞ አስገባት። ልብስ ሰፊ ነው፤ የመለኪያው ሜትር ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፣ ደግነቱም እንዲሁ። ነርሷ፣ የቤቱ አስተባባሪ ማለት ነው፣ ወንበር ሰጠቻትና «ሻይ ልቅዳልሽ?» አለቻት።

«ትጠጣለች» አለ ወንድሟ።

«ስኳርስ?»

«አንድ። ከዚያ በላይ አይስማማትም።»

«እዚህ መሥራት ትፈልጊያለሽ?»

«ትፈልጋለች፤ ግን ከባድ ነገር አታሸክሟት፣ ጫጫታም…»

ሴትዮዋ የሻዩን ብርጭቆ ትክ ብላ ታየው ነበር። ቀና አለችና፣ «አንድ የሚለው በማን ተወሰነ?» አለች።

ወንድሟ ሳቀ፤ ያልጠበቀው ነገር ያስቃል። «እህቴዋ፣ ለአንቺው ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ወንድምዓለም። ለእኔው ብለህ ፀጉሬን አስቆረጥከኝ። ለእኔው ብለህ አልጋዬን ጓዳ አስገባህ። ለእኔው ብለህ በሩን ከውጭ ቆለፍክብኝ። እስቲ ዛሬ ደግሞ እኔ ለራሴ ብዬ ሦስት ልጠጣ።»

ሦስት ጨመረች። ፊቷ ተጨማደደ፤ ግን እስከ አተላው ጨለጠችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዘን ስናጥፍ ጠየቅኋት። «እንዴት ነበር ያ ሻይ?»

«ምን የመሰለ ቀፋፊ!» አለችኝ። «ግን ጋሼ፣ ስሕተቱ የራሴ ነበረ። ያ ነው የጣፈጠኝ።»

ከዚያ ወዲህ ያ ቤት ያለ ድምፅ መብራት እንኳ አይበራም ማለት ይቻላል። መስኮት ይከፈት አይከፈት፣ ድምፅ። ሬዲዮው ዜና ይሁን ዘፈን፣ ድምፅ። በመደርደሪያው ላይ ፎጣ ከላይ ይሁን ከታች፣ ውይይት፣ የተቃውሞ ሐሳብ፣ የማሻሻያ ሐሳብ፣ ድምፅ። «እጅ ይውጣ!» ስትል የጋራዡ ሠራተኞች እንኳ ከግድግዳው ማዶ እጃቸውን ያወጣሉ ይባላል።

አንድ ጊዜ ካውያው ግሏል አልጋለም የሚል ክርክር ተነሣ። ተኳሿ እንፋሎት የምንላት ሴት ናት፤ ካውያዋም ምላሷም አይበርድም።

«ግሏል እኮ ነው የምላችሁ! እየጨሰ!»

«አስተያየትሽ ተይዟል» አለች ክብርት ሰብሳቢ። «ካውያው አልጋለም የምትሉ፣ እጅ ይውጣ!»

አልጋለም ተብሎ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። አንሶላው ግን ድምፅ አልሰጠም ነበርና ተቃጠለ። የካውያው ቅርጽ እንደ ማኅተም ታተመበት።

«መቼስ ምን እላለሁ» አለች እንፋሎት ጭሱን በእጇ እያራገበች፤ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ ካውያ ይምከረው!»

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ዝም ይል ነበር። እመት ሥነ ሥርዓት እዚያው ጭሱ መሀል ቆማ አዲስ ሐሳብ አቀረበች፤ «እሳትን፣ ውሃንና ኤሌክትሪክን በሚመለከት የተኳሿ ቃል ይበቃል፣ ድምፅ አይሰጥም።» ይህም ድምፅ ተሰጠበትና ጸደቀ። የተቃጠለው አንሶላ ዛሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ሥዕል መስሎት ያደንቃል።

ከድርጅቱ የሚላክ አሠልጣኝም አይቀርላት። አንዱ ባለቀለም እስክሪብቶ በደረት ኪሱ ደርድሮ፣ እንደ አንሶላ የሰፋ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ «ዛሬ የምንማረው በራስ መተማመንን ነው» ብሎ ጀመረ። እጅ ወጣ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ። እኛ በራስ መተማመን ይጎድለናል ተብሎ በማን ተወሰነ?»

«እ… ጥናት ተደርጎ…»

«ጥናቱ ከመሀላችን ማንን ጠየቀ?»

«እኔን የጠየቀኝ የለም» አለች እንፋሎት። «ብጠየቅማ የሚጎድለኝ በረኪና ነው እል ነበር።»

ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ አብሮን ሳቀ። ግማሹን ቀን ሊያሠለጥነን፣ ግማሹን ቀን አንሶላ ሊያጥፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። አንዱ ሲስብ ሌላው ካልሳበ ይንዘላዘላል፣ አንዱ ሲቀርብ ሌላው ካልቀረበ መሬት ይጎትታል። ይህን የሰው ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ሲፈልገው ይኖራል። አሠልጣኙ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ወረቀቱን ሳይለጥፍ ተቀመጠና «ዛሬ ስለ ምን ብንነጋገር ትወዳላችሁ?» አለ። እመት ሥነ ሥርዓት ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ «እየሻለው ነው» አለችኝ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስመርረን ግን በአቶ ተአቅቦ ላይ የምታጠፋው ጊዜ ነበር። አቶ ተአቅቦ ከጓሮ ልብስ የሚያሰጣ፣ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ድምፁን ሰምተን አናውቅም ነበር። «የምትደግፉ?» ዝም። «የምትቃወሙ?» ዝም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ሲባል እንኳ እጁን አያነሣም፤ ዓይኑን ብቻ ገርበብ ያደርጋል። እሷ ታዲያ አልፋው ሄዳ አታውቅም። በየድምፅ አሰጣጡ ትቆምና፣ «አቶ ተአቅቦስ?» ትላለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ሻይ ይቀዘቅዛል፣ ትጠብቃለች። ማሽኑ ዙሩን ጨርሶ ይጮኻል፣ ትጠብቃለች። ዓይኑን ገርበብ ሲያደርግ «አንድ ድምፀ ተአቅቦ፤ አመሰግናለሁ» ብላ ታልፋለች።

«እመት፣ ሰውዬው እንደሆነ አይናገርም» አልኳት አንድ ቀን ኮቴን እያየሁ።

«አለመናገሩን ነው የምጠይቀው፣ ጋሼ» አለችኝ። «እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ዝም ባልኩባቸው ወራት ሁሉም ‹እሺ ብላለች› እያሉ ያልፉኝ ነበር።»

ኮቴን አላነሣሁም።

አሁን ስለ «ደህና ቀን ቃል» መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የሚመጣው ነገር አይገባም። ይህም የእሷው ሐሳብ ነው። ሕመማችን እንደ ዝናብ ነው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ደህና በሆንበት ቀን፣ በካውያው ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ሁሉም እየሰማ እንናገራለን፤ ብታመም በምን ታውቁኛላችሁ፣ ማን ይናገረኝ፣ ምን አድርጉልኝ፣ ምን አታድርጉብኝ። እንፋሎት «ያገኘሁትን ሁሉ ማሞገስ ስጀምር ታምሜያለሁ፤ በጤናዬማ እንደምታውቁኝ ነኝ» አለች። አቶ ተአቅቦ ነርሷ ጆሮ ውስጥ አንሾካሸከ፤ እሷ አወጣችለት፤ «ብቻዬን አትተዉኝ፤ ግን አታናግሩኝ።»

የሰብሳቢያችን ተራ ሲደርስ እንዲህ አለች፤ «መጠየቅ ስተው ታምሜያለሁ። ‹እሺ› ካልኩ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ። የምትወስደኝ ነርሷ ናት። ወንድሜ ሁለተኛ ይነገረው፤ ቀድሞ ከሰማ በር ይቆልፋል፣ ስለሚወደኝ ነው። የቤቱን ቁልፍ ደግሞ ለአቶ ተአቅቦ ስጡልኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ለእሱ? ሌባ ቢመጣ እንኳ አይጮህም እኮ!» አለች እንፋሎት።

«ለእሱ» አለች። «በሰው ስም ተናግሮ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው።»

ቁልፉ ተራ ቁልፍ ነው፤ ጥርሱ የሳሳ፣ ገመዱ የነተበ። አንገቷ ላይ ነው የሚውለው። ግማሽ ዕድሜዋን ቁልፍ ለእሷ በሌላ ሰው ወገብ ላይ የሚንኳኳ ድምፅ ነበረና፣ ስትናገር ሳታውቀው በጣቶቿ ትነካካዋለች። የክርክራችን ሁሉ መጨረሻም እዚያው ቁልፍ ላይ መጣ። የፕሮግራሙ ዘመን ሊያበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቱ ወይ ለእኛ ለአባላቱ ይተላለፋል፣ ወይ ድርጅቱ ከውጭ ሥራ አስኪያጅ ቀጥሮ ቁልፉን ለእሱ ይሰጣል፤ እኛም በእሱ ሥር ጥሩ ጥሩ ልጆች ሆነን እንታጠፋለን። እመት ሥነ ሥርዓት ለድርጅቱ ስትጽፍ፣ ስትመላለስ፣ በር ላይ ስትጠብቅ ከረመች። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ መጥቶ ሊያነጋግረን ቀን ተቆረጠ። እሷም ከሳች። እንቅልፍ አጣች። ጣቶቿ ከቁልፉ አልወርድ አሉ።

ስብሰባው ሲቃረብ አንድ ጠዋት ሳሙና አምጪው ሌላ ዓይነት ሳሙና አራገፈ። «አለቃዬ ቀይሮታል» አለ። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ሻያችንን አስቀመጥን፤ መቼስ ጥያቄዋ አይቀርም።

«እሺ» አለች።

መጀመሪያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ደስ አለን። የዚያን ቀን ስብሰባ ሻዩ ሳይበርድ አለቀ። ሁለቱንም ክንዶቼን ኮቴ ውስጥ አስገብቼ በጊዜ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ አንዱ ማረፊያ አንሶላውን ሳይደርቅ ልንወስድ ነው አለ። «እሺ» አለች። እንፋሎት ካውያዋን አቆመችና መጣች። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሰምተዋል? እሺ አለች እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«እሷ እሺ የምትል ሴት ናት?»

በካውያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ነርሷ አጠገቧ ተንበርክካ፣ የደህና ቀን ቃሏን፣ የራሷን ቃል፣ አንድ በአንድ መለሰችላት። እመት ሥነ ሥርዓት የቁልፉን ገመድ ከአንገቷ አወጣች። አቶ ተአቅቦ ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ቦርሳዋን ራሷ መረጠች፣ ሹራቧን ራሷ መረጠች፣ በነርሷ ክንድ ተደግፋ በእግሯ ወጣች። ማንም አልጎተታት፤ ማንም በር አልቆለፈባት። ከዚያ በፊት ወደ ሆስፒታል የገባችው ሁልጊዜ በጉልበት ነበር። ይህን ያወቅነው ኋላ ነው።

ወንድሟ እንደተነገረው እየበረረ መጣ፤ ሜትሩ በአንገቱ፣ መርፌ በሸሚዙ ደረት ላይ እንደተሰካ።

«ጎሽ! ጎበዞች! እኔ የእናቷ ልጅ ቆሜ፣ ለባዳ ቀድሞ ይነገራል?»

«ለእርስዎ ሁለተኛ ይነገር ተብሏል» አልኩት።

«ሁለተኛ? ማነው ሁለተኛ ያረገኝ? በማን ተወሰነ?»

ካፉ ካመለጠው በኋላ ራሱ ሰማው። ቆመ። ቃሉ ፊቱ ላይ ሲዞር ያየሁት መሰለኝ።

«በእሷ» አልኩት።

ወንበር ሳብኩለት። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ባልለየለት ድምፅ፣ «መቼም ልጅቷ…» አለና ቀረ። ስኳር ስንት ልጨምርልህ ብላ እንፋሎት ጠየቀችው። «ሦስት» አላት።

ኃላፊው የመጣው በተባለው ቀን ነው። ልብሱ ንጹሕ፣ ንግግሩ ለስላሳ። በካውያው ጠረጴዛ ራስጌ፣ በእሷ ወንበር ላይ፣ ተቀመጠ። አስቦ አይደለም፤ ባዶ ስለነበረ ነው።

«በመጀመሪያ በሰብሳቢያችሁ መታመም አዝኛለሁ» አለ። «ግን ነገሩን በግልጽ እንየው። ዛሬ እሷ፣ ነገ ሌላው። ይህ ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ ለእናንተው ደህንነት ሲባል ከውጭ ሥራ አስኪያጅ እንዲመደብ ተወስኗል። ቁልፉን ዛሬ እረከባለሁ። ማን ጋ ነው?»

እኔ ሕይወቴን ሙሉ ክርክር ያስተማርኩ ሰው፣ አፌ ውስጥ ምላሴን አጣሁት። እንፋሎት እንኳ በረደች። እንደ እኛ ታሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ዝምታ ያውቀዋል፤ «ለእናንተው ሲባል» ከሚለው ቃል በኋላ የሚመጣውን። ማሽኑ ብቻ ይሽከረከራል።

ከዚያ ከኋላ፣ ከጓሮው በር አጠገብ፣ አንድ ረጅም ክንድ ቀስ ብሎ ወጣ። እንደ ጨረቃ።

ኃላፊው አላወቀውም። እኛ ግን አወቅነው።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» አለ አቶ ተአቅቦ። ድምፁ ወፍራምና የዛገ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ በር። ሌላው እጁ ደረቱ ላይ፣ ቁልፉ ላይ ነበር። «በማን ተወሰነ?»

«ይቅርታ?»

«በማን… ተወሰነ?»

ኃላፊው ለማብራራት አፉን ከፈተ፤ ግን ጊዜው አለፈው። ቤቱ ተነሣ። «አጀንዳው መቼ ጸደቀ?» አለች እንፋሎት። «የተቀመጡበት ወንበር የሰብሳቢ ነው፤ ተለዋጭ ሰብሳቢ ሳይመረጥ ስብሰባው አልተከፈተም!» አለ ሌላው። «ሐሳቡን የሚደግፍ ሁለተኛ ሰው አለ?» አልኩ እኔ፤ አዎ፣ እኔ፣ የኮት ሰው። ዓመታት ሙሉ ያንገሸገሸን ነገር ሁሉ አንድም ሳይቀር ከአፋችን ይወጣ ጀመር። ሰውዬው ከወንበሩ ተነሥቶ በትሕትና ወደ ጎን ተቀመጠ። አቶ ተአቅቦ በሙሉ ድምፅ ተለዋጭ ሰብሳቢ ሆነ፤ እሱ ራሱ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ።

በክርክሩ መሀል የአንዱ ማረፊያ መኪና ጥሩንባውን ነፋ። ሁለት ሰዎች ተነሡ፣ የታጠፉትን አንሶላዎች ቆጥረው አስረከቡ፣ የቆሸሹትን ተረከቡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ማንም ማንንም አላዘዘም። የኃላፊው ዓይን ተከትሏቸው ሄደ፣ ተከትሏቸው መጣ።

«እሷ ከታመመች ወዲህ የቀረ ትእዛዝ አለ?» ሲል ጠየቀ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«የለም» አለ አቶ ተአቅቦ። ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «መታመሟን ያወቅነው እኛ ነን። ያሳከምናትም እኛ። እሷ እንዳለችው። እርስዎ ሲታመሙ… ቢሮዎ ያውቃል?»

«አላውቅም» አለ ኃላፊው። ከመሄዱ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን የተቃጠለ አንሶላ እያየ «ሥዕሉ ጥሩ ነው» አለ፤ ማንም አላረመውም። ቁልፉን ሳይዝ ሄደ። ሰንበት ብሎ መልእክት መጣ፤ ቤቱ ለአባላቱ ይተላለፋል። የሰው ልጅ ክብር ምንድን ነው እያልኩ ስንት መጽሐፍ ገልጫለሁ! ክብር ማለት አንድ ዝምተኛ ሰው ደረቱ ላይ ቁልፍ ይዞ ሲቆም ነው ብል አሁን ማን ይከራከረኛል? የሚከራከር ካለ፣ እጅ ያውጣ።

እመት ሥነ ሥርዓት ተመለሰች። መድኃኒቱ እጇን ያንቀጠቅጠዋል፣ አፏን ያደርቀዋል፤ ጉንጮቿ ግን ሞልተዋል። ወንድሟ እስከ በሩ ሸኛትና፣ «ልግባ ወይስ እዚህ ልጠብቅሽ?» አላት። ጠየቃት! ጆሮዬ ነው የሰማው። «ጠብቀኝ፣ ወንድምዓለም፣ አንድ አፍታ ነው» አለችው።

አቶ ተአቅቦ ገመዱን ከአንገቱ አውጥቶ አጠለቀላት። የሆነውን ሁሉ እየተቀባበልን ነገርናት። እኛ የምንጠብቀው እንባ ነበር። እሷ ግንባሯን ቋጠረች።

«ቆይ፣ ቆይ። ተለዋጭ ሰብሳቢ ሳትመርጡ ነው ክርክር የጀመራችሁት?»

«ኋላ መረጥን!»

«ኋላ አይሆንም! ሥነ ሥርዓት አለ!» አለች፤ ግን ከንፈሯ ተንቀጥቅጦ ነበር፣ ያ ደግሞ ከመድኃኒቱ አልነበረም።

የዚያን ቀን የነበረን አጀንዳ አንድ ብቻ ነበር፤ ቤቱን መረከባችንን ማጽደቅ። ሁላችንም እንደግፋለን፣ ሁላችንም እናውቃለን፤ እጅ አውጥቶ መሄድ ነው። ግን እንፋሎት የማሻሻያ ሐሳብ አለኝ አለች። ሌላው የማሻሻያውን ማሻሻያ አመጣ። ከማሽኑ በኩል የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ተነሣ፤ ከጓሮ በኩል የጥያቄው ሥነ ሥርዓት ተጠየቀ። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ «ረከብን» ይባል «ተረከብን» በሚለው ላይ አስተያየት ነበረኝ። ሻዩ በረደ። ወንድሟ በበሩ ስንጥቅ አንገቱን ብቅ አድርጎ መለሰ።

እመት ሥነ ሥርዓት በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አይታው የማታውቀውን ነገር ታይ ነበር፤ ራሷን፣ በየወንበሩ ላይ ተቀምጣ። ቀስ ብላ ቆመች። ሹራቧን ከወንበሩ ጀርባ አነሣች፣ አንድ ክንዷን አስገባች።

«እባካችሁ» አለች። «ዛሬን ብቻ ድምፅ ሳንሰጥ እንለያይ። ወንድሜ እየጠበቀኝ ነው።»

ከኋላ ያ የዛገ ድምፅ፣ በሥራ ላይ እየዋለ ዝገቱ የለቀቀው፣ ተሰማ።

«በማን ተወሰነ?»

ሳቀች። ከሆስፒታል ከወጣች ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ፣ አንድ ክንዷ ሹራቧ ውስጥ እንዳለ ሳቀች። ከዚያ አቋሟን አስተካክላ፣ በሥርዓቱ፣ ለጉባኤው አቀረበችው።

«ያለ ድምፅ እንለያይ የምትሉ፣ እጅ ይውጣ!»

እኔ ኮቴን ሚስማሩ ላይ መልሼ እየሰቀልኩ ነበር። ዞሬ ተመለከትኩ። በዚያ ሁሉ ራስ መሀል የተነሣው አንድ እጅ ብቻ ነበር፤ እየተንቀጠቀጠ፣ ወደ ላይ፣ የእሷ።